የቢራ በርሜል፣ ደወልና ፌሮ፦ ሮክ መድረክ ላይ የሚመቱ እንግዳ ነገሮች ለምን እንደዚያ ይጮኻሉ?

የተማርኩበት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት እውነተኛ ደወል አልነበረውም። የነበረው የጭነት መኪና ቸርኬ ነው። ግቢው መሃል ካለው ዋርካ ቅርንጫፍ ላይ በሽቦ ተንጠልጥሎ፣ ዘበኛው በፌሮ ቁራጭ ይመታዋል። ድምፁ ከወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር። አንድ ክረምት ሽቦው ዝጎ ተበጠሰና ቸርኬው ወደቀ። መስከረም ላይ ስንመለስ ሁለተኛ እንዳይወድቅ ተብሎ ከግንዱ ጋር በወፍራም ገመድ ጥፍር ተደርጎ ታስሮ አገኘነው። ያው ቸርኬ፣ ያው ፌሮ፣ ያው ዘበኛ። ድምፁ ግን "ጓ" ይልና እዚያው ይሞታል። በዚያ ሳምንት ግማሻችን አርፍደን በር ላይ ተንበረከክን።

ያን ጊዜ "ብረቱ ተበላሽቷል" አልን። ብረቱ ምንም አልሆነም ነበር። የተበላሸው አስተሳሰሩ ነው። ይህን የተረዳሁት ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ሞገድና ንዝረት ስማር ነው።

ዛሬ ያንኑ ትምህርት ሳስተምር ቸርኬው ትዝ የሚለኝ፣ አትሳቁብኝና፣ የሮክ ኮንሰርት ቪዲዮ ሳይ ነው። ከአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት የመጣው ስሊፕኖት የተባለው ባንድ ጭምብሉን አጥልቆ መድረክ ሲወጣ፣ ሾን ክራሃን የሚባለው አባሉ የቢራ በርሜል በቤዝቦል ዱላ ይቀጠቅጣል። ኤሲ ዲሲዎች ከመድረኩ በላይ ትልቅ የነሐስ ደወል ይሰቅላሉ። በርሊን ውስጥ ደግሞ ድራሙን ትቶ ከቆሻሻ መጣያና ከግንባታ ቦታ የተለቀመ ብረት ይዞ የተነሳ ባንድ አለ። ሰው ሁሉ "ለታይታ ነው" ይላል። ግማሹ እውነት ነው፤ ሮክ ያለ ታይታ ምን አለው? ግን ዓይናችሁን ጨፍናችሁም ስሙት፣ ልዩነቱ ይሰማል። የኤሌክትሪክ ጊታር ያን ሁሉ ጩኸት እየለቀቀ፣ በርሜሉ እንዴት ሆኖ ነው ጥሶ የሚወጣው? እስቲ እሱን እንየው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክራርና ፌሮ

ከምታውቁት እንጀምር። የክራር አውታር ስትመቱ አውታሩ በአንድ መንገድ ብቻ አይርገበገብም። ሙሉ ርዝመቱ እንደ አንድ ቅስት ይወዛወዛል። በዚያው ቅጽበት ለሁለት ተከፍሎ፣ ለሦስት ተከፍሎ፣ ለአራት ተከፍሎም ይወዛወዛል። የመጀመሪያው ውዝዋዜ በሰከንድ 200 ጊዜ ከሆነ፣ ማለትም 200 ኸርዝ ከሆነ፣ ተከታዮቹ 400፣ 600፣ 800 እያሉ ይሄዳሉ። ሁሉም የ200 ብዜቶች ናቸው። ጆሯችን እንዲህ ያለ ሥርዓት ሲያገኝ ሁሉንም ጠቅልሎ "ይሄ አንድ ድምፅ ነው" ይላል። ክራር የሚቃኘው፣ እኛም አብረነው የምንዘፍነው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ፌሮ። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ግማሽ ሜትር ርዝመት ያለው ፌሮ በክር አንጠልጥላችሁ ብትመቱት፣ እሱም በብዙ መንገድ በአንድ ጊዜ ይርገበገባል። ቁጥሮቹ ግን በግምት 215፣ 590፣ 1160፣ 1920 ኸርዝ ናቸው። ሁለተኛው የመጀመሪያው 2.76 እጥፍ፣ ሦስተኛው 5.40 እጥፍ፣ አራተኛው 8.93 እጥፍ ነው። ብዜት የለ፣ ሥርዓት የለ። ጆሮ ሊጠቀልለው ይሞክራል፣ አይችልም። ስለዚህ "ዜማ" ከማለት ይልቅ "ብረት ተመታ" ይላል።

ልዩነቱ ከየት መጣ? አውታርን ወደ ቦታው የሚመልሰው ውጥረቱ ነው፤ ካላላችሁት ምንም አይጮኽም። ፌሮን ግን ማንም አልወጠረውም። ወደ ቦታው የሚመልሰው የራሱ ግትርነት ነው። ግትር ነገር ደግሞ በሰፊው ለመታጠፍ ብዙ አያስቸግርም፤ በአጭር በአጭሩ እጠፉት ስትሉት ነው በኃይል የሚመልሰው። ስለዚህ አጫጭሮቹ ሞገዶች ከሚጠበቀው በላይ ይፈጥናሉ፣ ቁጥሮቹም ወደ ላይ ይሸሻሉ። ከዚህ አንድ የሚገርም ነገር ይከተላል። አውታርን በግማሽ ብታሳጥሩት ድግግሞሹ በሁለት እጥፍ ያድጋል። ፌሮን በግማሽ ብትቆርጡት ግን በአራት እጥፍ ያድጋል።

የቸርኬው ምስጢርም እዚሁ ጋ ነው። የሚርገበገብ ብረት ሁሉ ላይ በጣም የሚንቀሳቀሱ ቦታዎችና ጭራሽ የማይንቀሳቀሱ ቦታዎች አሉ። በቀጥ ያለ ፌሮ ላይ፣ ለመጀመሪያው ንዝረት፣ የማይንቀሳቀሱት ቦታዎች ሁለት ናቸው፤ ከየጫፉ የርዝመቱ 22.4 በመቶ ያህል ገባ ብለው። እዚያ ጋ ብታስሩት ገመዱ ከንዝረቱ ጉልበት የሚሰርቀው ነገር የለም። መሃሉን ወይም ጫፉን በእጃችሁ ብትጨብጡት ግን ጉልበቱ በሙሉ ወደ እጃችሁ ሄዶ ሙቀት ይሆናል። ክብ ቸርኬ ላይ ቦታዎቹ ይለያያሉ እንጂ ነገሩ ያው ነው። በቀጭን ሽቦ በአንድ ነጥብ ሲንጠለጠል ነጻ ነበር። ከግንዱ ጋር ሲጠፈር ግን ገመዱም ዛፉም ድምፁን በሉት።

ባዶ ቦታ ፍለጋ

የሮክ መድረክ ላይ ያለው ዋና ችግር ቦታ ነው። የእግር መቆሚያ ማለቴ አይደለም፤ የድግግሞሽ ቦታ ማለቴ ነው። ወፍራሙን ክልል ቤዝ ጊታሩና በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ ይዘውታል። የኤሌክትሪክ ጊታር የመጨረሻው ወፍራም ክር 82 ኸርዝ ላይ ይጀምራል። አምፕሊፋየሩ ድምፁን ሆን ብሎ ሲያዛባው ደግሞ ተደራቢ ድምፆች ተጨምረው ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ እንደ ጭቃ ይሞሉታል። ዘፋኙም እዚያው መሃል ገብቶ ይጮኻል። እዚህ ጭቃ ውስጥ ተራ እንጨት ብትመቱ ማን ይሰማችኋል?

ግን ጊታሩ ጣሪያ አለው። የጊታር አምፕሊፋየር ውስጥ ያለው ስፒከር ዲያሜትሩ 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ ወረቀት በፍጥነት መርገብገብ አይሆንለትም፤ ከ5,000 ኸርዝ በላይ ድምፁ በፍጥነት ይወርዳል። ስለዚህ ከዚያ በላይ ያለው ሰፈር ሰፊ ነው። ሲምባሎቹ ቀድመው ይዘውታል፤ ግን የሲምባል ድምፅ "ሽሽሽ" ብሎ የሚፈስ ነው፣ እንደ ጭስ። ብረት በብረት ወይም በደረቅ እንጨት ሲመታ የሚወጣው ግን ሹል ነው። ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ ባለው፣ ጆሯችን ከሁሉም በላይ ንቁ በሆነበት ክልል ይነሳል፣ ወደ ላይም ይዘልቃል፣ ቶሎም ያበቃል።

በምን እንደምትመቱትም ወሳኝ ነው። ለስላሳ ጨርቅ የተጠቀለለበት መምቻ ብረቱ ላይ ትንሽ ቆየት ይላል። ሲቆይ ፈጣኖቹን ንዝረቶች ራሱ ያፍናቸዋል፤ ወፍራሙ ብቻ ይቀራል። ደረቅ ነገር ግን ነክቶ ወዲያው ይመለሳል። በግምት፣ ንክኪው የሰከንድ አንድ ሺህኛ ከቆየ ከ1,000 ኸርዝ በላይ ያለው ንዝረት እየደከመ ይሄዳል፤ ንክኪው ባጠረ ቁጥር ይህ ገደብ ወደ ላይ ይወጣል። የክራሃን የቤዝቦል ዱላ ምርጫ፣ ከትርዒቱ በተጨማሪ፣ የድምፅ ምርጫም ነው። በርሜሉ ራሱ ስስ፣ ክብና ዝግ የብረት ገላ ነው። ውስጡ ባዶ ስለሆነ አየሩም አብሮ ይጎረብጣል። በተመታ ቁጥር ይጎደጉዳል፣ በጎደጎደ ቁጥር ደግሞ ድምፁ ይቀየራል። ምናለሽ ተራ ሄዶ በርሜል ሲቀጠቀጥ የሰማ ሰው ይህን ለማመን ፊዚክስ አያስፈልገውም።

በርሊን ውስጥ ያለው ባንድ ነገሩን እስከ ጥግ ወሰደው። ስሙ አይንሽቱርዘንደ ኖይባውተን ነው፤ "የሚፈራርሱ አዳዲስ ሕንጻዎች" እንደማለት። በ1980 ምዕራብ በርሊን ውስጥ ሲመሠረት አንዱ አባል፣ ኡንሩ፣ ድራሙን ሸጦ ነበር። ስለዚህ ያገኘውን መታ፦ ላሜራ፣ የመኪና ሞላ፣ የዕቃ መግዣ ጋሪ። ድህነት ነው የጀመረው፣ ከዚያ ግን ምርጫ ሆነ። ጥር 3 ቀን 1984 የባንዱ አባላት ከሌሎች ሙዚቀኞች ጋር ሆነው ለንደን በሚገኘው የዘመናዊ ጥበባት ተቋም "ኮንሰርት" አቀረቡ። መሣሪያዎቹ የኮንክሪት ማደባለቂያ፣ የዛፍ መቁረጫ ሞተርና መሰርሰሪያ ነበሩ። መድረኩን ራሱን መሰርሰር ሲጀምሩ ሠራተኞቹ ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ አስቆሟቸው። የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁ ያ ምሽት ከሙዚቃ ይልቅ ለወሬ ይመቻል። መሰርሰሪያ የሚያወጣው ድምፅ የተበታተነ ነው፤ አጥብቃችሁ ብትይዙትም አላልታችሁ ብትይዙትም ያው ነው። የተንጠለጠለ ላሜራ ግን ትመቱታላችሁ፣ ይመልስላችኋል። ባንዱ ራሱ በኋላ የቆየው ላሜራው ጋ ነው፣ መሰርሰሪያው ጋ አይደለም።

አንድ ደወል፣ አምስት ድምፅ

በየካቲት 1980 የኤሲ ዲሲ ዘፋኝ ቦን ስኮት በ33 ዓመቱ ሞተ። ባንዱ ሊበተን ነበር። ከዚያ ብራያን ጆንሰን የተባለ ሌላ ዘፋኝ ይዘው በጥቂት ወራት ውስጥ አዲስ አልበም ሠሩ፤ ሽፋኑ ጥቁር፣ ስሙም "ባክ ኢን ብላክ"። አልበሙ የሚከፈተው በጊታር አይደለም። በዝግታ በሚደወል ደወል ነው። የቀብር ቀን ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለፈ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ደወሉ ከቴፕ የተወሰደ አልነበረም። እንግሊዝ ውስጥ ላፍቦሮ በምትባል ከተማ ያለው ጆን ቴይለር የሚባል ደወል አቅላጭ ድርጅት 900 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የነሐስ ደወል ሠራላቸው። መጀመሪያ እዚያው አካባቢ ማማ ላይ የተሰቀለ ሌላ ደወል ሊቀዱ ሞክረው ነበር፤ ማማው ውስጥ የሰፈሩት ወፎች ደወሉ በተመታ ቁጥር ክንፋቸውን እያራገቡ ቅጂውን አበላሹት። ስለዚህ ማይክራፎኑ ወደ ፋብሪካው ሄደ። በኋላ መድረክ ላይ ጆንሰን ራሱ ደወሉን በመዶሻ ይመታው ነበር።

ደወል ከፌሮ የሚለየው በምንድን ነው? ደወል የተበጀ ብረት ነው። ነሐሱ አራት እጅ ገደማ መዳብ፣ አንድ እጅ ቆርቆሮ ነው፤ ይህ ድብልቅ ጠንካራ ሆኖ የንዝረትን ጉልበት ቶሎ አይበላም። ቅርጹ ከተወጣ በኋላ ደግሞ ባለሙያው ደወሉን ገልብጦ በማሽን ያዞረዋል፤ ከውስጥ በኩል እየላገ የንዝረቶቹን ድግግሞሽ አንድ በአንድ ያስተካክላል። አንድ ጊዜ አብዝቶ ከላገ መልሶ መለጠፍ የለም። እንዲህ ያለውን ጥንቁቅ አቃኘት ጆን ቴይለሮች የያዙት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው።

ቁጥሮቹን በምሳሌ እንያቸው። በደንብ የተቃኘ ደወል ድምፁ 200 ኸርዝ ነው እንበል። ውስጡ ያሉት ዋና ዋና ንዝረቶች 100፣ 200፣ 240፣ 300 እና 400 ይሆናሉ። አብዛኞቹ ወዳጆች ናቸው። መሃል ላይ ግን አንድ እንግዳ አለ፤ 240። ከ200 ጋር ያለው ርቀት ሙዚቀኞች ማይነር የሚሉትን ቅኝት ያመጣል። ትዝታ ማይነርን የምታውቁ ከሆነ ያው ርቀት እዚያም አለ። ስለዚህ ደወል ለብቻው፣ ማንም ምንም ሳይዘፍን፣ ውስጡ አንድ የሚያዝን ነገር ይዟል። "ማይነር ሁሌም ሐዘን ነው" ማለቴ አይደለም፤ ይሄ ከፊሉ ልማድ ነው። ግን ለሞተ ጓደኛ አልበም ስትከፍቱ ከዚህ የተሻለ ድምፅ የምታገኙ አይመስለኝም።

ይበልጥ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ደወል ሲመታ "ይሄ ነው ድምፁ" ብለን የምንሰማውን ድምፅ በከፊል የሚፈጥረው አእምሯችን ነው። ከላይ 400፣ 600፣ 800 አካባቢ ጠንካራ ንዝረቶች አሉ። አእምሮ እነዚህን ያይና "የ200 ብዜቶች ናቸው፣ እንግዲህ ድምፁ 200 መሆን አለበት" ብሎ ይደመድማል። 200 ራሱ ደካማ ቢሆን፣ ጭራሽ ባይኖርም፣ እንሰማዋለን። የስልካችሁ ትንሽ ስፒከር የወንድን ወፍራም ድምፅ ማውጣት ሳይችል ወፍራም መስሎ የሚሰማችሁም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለምን ታዲያ አንድ ቶን የሚጠጋ? ትንሽ ደወል አይበቃም? አይበቃም። ቅርጹ ሳይለወጥ የደወልን ድምፅ በአንድ ኦክታቭ ማወፈር፣ ማለትም ድግግሞሹን በግማሽ መቀነስ ከፈለጋችሁ፣ ቁመቱንም ስፋቱንም ውፍረቱንም በእጥፍ ማሳደግ አለባችሁ። ሁለት ጊዜ ሁለት ጊዜ ሁለት ስምንት ነው። ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። የ900 ኪሎውን ደወል በአንድ ኦክታቭ ላወፍር ያለ ባንድ ከሰባት ቶን በላይ ነሐስ ጭኖ ከከተማ ከተማ መዞር አለበት። የመድረኩ ጣሪያም ይህን አይሸከምም።

ዜማ የሚፈልጉትስ?

ሁሉም ግን ጩኸት ፈላጊ አይደለም። ብሉ ማን ግሩፕ የሚባሉት ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ ሰዎች የውኃ ቧንቧ ፕላስቲክ ይሰበስቡና አፉን በጠፍጣፋ ነገር ይመቱታል። እዚያ የሚርገበገበው ፕላስቲኩ ሳይሆን ውስጡ ያለው አየር ነው። አየር ደግሞ እንደ አውታር ሥርዓት አለው፤ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ሁለቱም ጫፎቹ ክፍት የሆኑ ቧንቧ 170 ኸርዝ ገደማ ይሰጣል። ርዝመቱን ቆርጦ ማስተካከል ብቻ ነው። ቀላል ነው፣ ውጤቱም ጥሩ ነው።

ሚኪ ሃርት የሠራው ግን ሌላ ነገር ነው። ሃርት ግሬትፉል ዴድ በተባለው የካሊፎርኒያ ባንድ ውስጥ ከነበሩት ሁለት ድራመሮች አንዱ ነው። በኮንሰርታቸው ሁለተኛ አጋማሽ ሌሎቹ ከመድረክ ይወርዱና ሁለቱ ድራመሮች ብቻቸውን ረጅም ጊዜ ይጫወቱ ነበር። ሃርት እዚያ ይመታው የነበረው አንዱ ነገር "ቢም" ይባላል፤ ሁለት ሜትር ከግማሽ የሚጠጋ የአሉሚኒየም ተሸካሚ ብረት፣ ሕንጻ ላይ እንደምታዩት ያለ፣ 13 የፒያኖ ወፋፍራም ሽቦዎች ተወጥረውበታል። ሽቦዎቹ በሙሉ የሚቃኙት በአንድ ኖታ ነው፣ በ"ሬ"። በእጁ ይመታቸዋል፣ በብረት ይፍቃቸዋል።

ብልሃቱን አያችሁት? አካሉ የግንባታ ብረት ነው፣ ሲያዩት ያስፈራል። የሚርገበገበው ግን አውታር ነው። ስለዚህ ድምፁ አይበታተንም፤ እንደ በገና ሥርዓት አለው፣ ግን ወደ ታች፣ ወደ ታች ይወርዳል። ድምፁን የሚይዘው ደግሞ እንደ ኤሌክትሪክ ጊታር ማግኔትና ጥምጥም ሽቦ ነው። የብረት አውታር ማግኔቱ አጠገብ ሲንቀሳቀስ ጥምጥሙ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። አሉሚኒየም በማግኔት አይሳብም፤ ስለዚህ መያዣው የሚያደምጠው አውታሮቹን ነው። ከዚያ ሞንታርቦው ይረከባል። 35 ኸርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ አየር ላይ አንዱ ሞገድ ብቻ አሥር ሜትር ገደማ ይረዝማል። እንዲህ ያለው ድምፅ ከጆሮ ይልቅ በደረት ነው የሚሰማው። "ቢም"ን በስልክ ስፒከር ሰምታችሁ "ምኑ ነው ጉዱ?" ካላችሁ፣ አልፈርድባችሁም፤ አልሰማችሁትም።

ከአይስላንድ የመጡት ሲጉር ሮሶች ደግሞ ወደ ድንጋይ ሄዱ። በ2007 የወጣው "ሄይማ" የተሰኘው ፊልማቸው ላይ፣ አንድ ያገራቸው ቀራጺ ከመስክ ለቅሞ በሠራው የድንጋይ ማሪምባ ሲጫወቱ ይታያል። ድንጋይ እንዴት ይጮኻል የሚል ሰው ጣና ደሴቶች ላይ ወዳሉት ገዳማት ይሂድ፤ የተንጠለጠሉ የድንጋይ ደወሎችን ያገኛል። ስንጥቅ የሌለው፣ ጥብቅ ብሎ የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እንደ ፌሮው ግትር ነው፤ ከታሰረበት ነጥብ በስተቀር ነጻ ከተተወ ይጮኻል። ውስጡ ስንጥቅ ካለ ግን ንዝረቱ ስንጥቁ ላይ እየተፋተገ ያልቃል። የገዳሙ ሰዎች ድንጋዩን ሲመርጡ የሞገድ ቀመር አልነበራቸውም። ጆሮ ነበራቸው።

ቀድቶ ማጫወት አይሻልም?

እዚህ ላይ አንድ ተማሪዬ የጠየቀኝ ጥያቄ አለ። "አንድ ጊዜ ቀድቶ፣ ትንሽ የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ጭኖ፣ እሱን መታ መታ ማድረግ አይቻልም? በርሜልና ደወል መጎተት ለምን?" ይቻላል። ብዙ ባንዶች ያደርጉታል፤ ርካሽም ቀላልም ነው። ለበርሜል ከሆነ እኔም ብዙ አልከራከርም።

ጎንግ ሲሆን ግን እከራከራለሁ። ፒንክ ፍሎይድ በጥቅምት 1971 ጣሊያን ውስጥ ፖምፔ ሄደው፣ ተመልካች በሌለበት የሮማውያን ጥንታዊ የትርዒት ሜዳ ላይ ሲጫወቱ ተቀርጸዋል። ፊልሙ ላይ ሮጀር ዋተርስ ቤዝ ጊታሩን ትቶ አንድ ትልቅ ጎንግ ሲመታ ታያላችሁ። በደንብ ካዳመጣችሁ ጎንግ የተመታ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰጣችሁ ወፍራም "ቡም" ነው። ከዚያ፣ እጁ ከተነሳ በኋላ፣ ቀጫጭኖቹ ድምፆች እያደጉ ይመጣሉ። ማንም ሳይነካው ወደ "ሽሽሽ" ይቀየራል። ከተመታ በኋላ የሚያድግ ድምፅ! በርሜልም ደወልም ይህን አያደርጉም።

ምክንያቱ ጎንግ ሰፊና ስስ መሆኑ ነው። በኃይል ሲመታ ከውፍረቱ ጋር የሚወዳደር ያህል ይታጠፋል። ያን ያህል ሲታጠፍ ብረቱ ራሱ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ አንዱ ንዝረት ሌላውን መግፋት ይጀምራል። ትልቁ ዘገምተኛ ንዝረት ጉልበቱን ለፈጣኖቹ ያድላል፣ እነሱም ለባሰ ፈጣኖች። ይሄ ሁሉ የሚሆነው በአጭር ጊዜ ውስጥ ነው። ቀስ ብላችሁ ብትመቱት ግን ይህ ዕደላ ጭራሽ አይጀመርም፤ "ቡም" ብሎ ይቀራል።

እንግዲህ አስቡት። ቀስ ብሎ የተመታ ጎንግ ቀድታችሁ ድምፁን ከፍ ብታደርጉት በኃይል የተመታ ጎንግ አይሆንም፤ የጎላ "ቡም" ብቻ ነው የሚሆነው። ሌላ ድምፅ ነው። በመካከል ያሉትን የአመታት ደረጃዎች በሙሉ፣ ቀድሞ እየተርገበገበ ሳለ ሲደገምም ጭምር፣ ቀድቶ መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ ተማሪዬን "ለበርሜል አዎ፣ ለጎንግ የለም" አልኩት። አላመነኝም። ትሪ አምጥተን መታን፤ ያን ጊዜም ግማሽ ብቻ ነው ያመነው።

እናንተም ሞክሩት

12 ሚሊ ፌሮ፣ ግማሽ ሜትር። ግንባታ ያለበት ሰው ጋ ሄዳችሁ ለምኑ፣ ቁራጭ አይጠፋም። ከየጫፉ 11 ሴንቲ ሜትር ገብታችሁ በቀጭን ክር አንጠልጥሉት። ድግግሞሽ በሥዕል የሚያሳይ ነጻ አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑና ማይኩን ወደ ብረቱ ጠጋ አድርጉ። መጀመሪያ ጫፉን በትንሽ መዶሻ ወይም በሌላ ብረት ምቱ። 590 እና 1160 አካባቢ ሁለት ጉብታዎች ታያላችሁ። 215 ደካማ ሊሆን ይችላል፤ ቀጭን ዘንግ ወፍራም ድምፅን አየር ላይ መግፋት አይችልበትም። ቀጥሎ ልክ መሃሉን ምቱ። 590 መጥፋት ወይም በጣም መድከም አለበት፤ መሃሉ ለሁለተኛው ንዝረት የማይንቀሳቀስ ቦታ ነውና ከዚያ ተነስታችሁ ልትቀሰቅሱት አትችሉም። ከዚያ ክሩን ፍቱና አንዱን ጫፍ በእጃችሁ ጨብጣችሁ ምቱት፤ የትምህርት ቤቴን ቸርኬ ትሰማላችሁ።

ጆሯችሁን ግን አታቅርቡት። የሥራ ቦታ ደኅንነት ባለሙያዎች 85 ዴሲቤል ድምፅ ለስምንት ሰዓት ይፈቅዳሉ። ከዚያ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ የሚቀረው 15 ደቂቃ ነው። የሮክ ኮንሰርት በቀላሉ እዚያ ይደርሳል፣ ሙዚቀኞቹ የጆሮ መድፈኛ የሚያደርጉትም ለዚህ ነው። ብረት በብረት ሲመታ ደግሞ በቅርብ ርቀት ድንገተኛው ምት ከዚያም ሊያልፍ ይችላል።

ቁጥራችሁ ከእኔ ትንሽ ቢለይ አትደንግጡ፤ የፌሮ ጥርሶችና የቆረጣው ስህተት ትንሽ ያዛቡታል። በብዙ ከተለየ ግን ውፍረቱን ለኩ። ድግግሞሹ ከውፍረቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ የመጀመሪያው ቁጥር 180 አካባቢ ከመጣ የሰጧችሁ 10 ሚሊ ነው፣ 250 አካባቢ ከመጣ 14 ሚሊ።